ብቻውን ሮጦ አንደኛ

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሌላ ካልተገለጹ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኖቬምበር 2002 በአሜሪካዋ ሳውዝ ዳኮታ ግዛት አንድ የሴኔት ወንበር ሌሊቱን ሙሉ ተንጠልጥሎ አደረ። ወንበሩን የያዙት ዴሞክራቱ ቲም ጆንሰን ነበሩ። ሊነጥቋቸው የመጡት ደግሞ ሪፐብሊካኑ ጆን ቱን። ውጤቱ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ሲል ቆይቶ፣ በመጨረሻ ከፓይን ሪጅ፣ ከላኮታ ሕዝብ መኖሪያ፣ ዘግይቶ የተቆጠረው ድምፅ ሲገባ ሚዛኑ ወደ ጆንሰን ዞረ። ያሸነፉት በ524 ድምፅ ነው። አምስት መቶ ሃያ አራት ሰው ማለት የአንድ መካከለኛ ሠርግ ታዳሚ ነው።

የተሸነፉት ቱን ተስፋ አልቆረጡም። ከሁለት ዓመት በኋላ ለሌላኛው የግዛቲቱ የሴኔት ወንበር ቀርበው በሴኔቱ የዴሞክራቶች መሪ የነበሩትን ቶም ዳሽልን በ4,508 ድምፅ ጣሏቸው። የአንድ ፓርቲ የሴኔት መሪ በገዛ ግዛቱ ሕዝብ ሲሸነፍ ከ1952 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። አገሩ ሁሉ ጉድ አለ።

ከዚያ 2010 መጣ። የቱን የስድስት ዓመት ዘመን አበቃና እንደገና ለምርጫ ቀረቡ። ተፎካካሪያቸው ማን ነበር? ማንም። ዴሞክራቶች ዕጩ አላቀረቡም፤ በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይም ሌላ ስም አልነበረም። በ4,508 ድምፅ የተያዘ ወንበር፣ በስድስት ዓመቱ ያለ አንድ ተወዳዳሪ ተመለሰ። ውጤቱ መቶ በመቶ ሆነ። በአማርኛ ለዚህ የቆየ ቀልድ አለ፦ ብቻውን ሮጦ አንደኛ ወጣ።

ስለ አሜሪካ ትንንሽ የገጠር ግዛቶች ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ቅሬታ «ሥልጣናቸው በዛ» የሚል ነው። ቅሬታው እውነት አለው። የሳውዝ ዳኮታ ታሪክ ግን ብዙም የማይወራ ሌላ ነገር ያሳያል። የትንሿ ግዛት ድምፅ ዋሽንግተን ሲደርስ ይከብዳል፤ በገዛ ደጁ ግን ቀሏል። የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ እንደሚባለው ነው። ግዛቲቱ በሴኔት ውስጥ እንደ ትልልቆቹ እኩል ትቆጠራለች። እዚያው የሚኖረው ገበሬና የፋብሪካ ሠራተኛ ግን በኖቬምበር ወረቀቱን ሲቀበል ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ነገር የለውም።

ሚዛኑ እንዴት ነው የሚሠራው?

ሳውዝ ዳኮታ ወደ 200 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ትሰፋለች። ይህ ከኢትዮጵያ ስፋት አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ነው። በ2020 ቆጠራ መሠረት የሚኖርባት ሰው 886,667 ብቻ ነው። ሚዙሪ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። በምሥራቁ በኩል በቆሎና አኩሪ አተር ይዘራል፤ በምዕራቡ ደግሞ ከብት ይረባል። ትልቋ ከተማ ሱ ፎልስ እንኳ 200 ሺህ ነዋሪ አልሞላትም ነበር። ስድሳ ስድስት ካውንቲዎች አሏት። በአንዳንዶቹ ውስጥ ከአንዱ እርሻ ቤት ወደ ሌላው ለመድረስ መኪና ያስፈልጋል።

በኮንግረስ ሦስት ሰዎች ይወክሏታል፤ ሁለት ሴናተሮችና አንድ የተወካዮች ምክር ቤት አባል። ሴኔቱ የሕዝብ ብዛት አያይም፤ ለእያንዳንዱ ግዛት ሁለት ወንበር ይሰጣል። ካሊፎርኒያ በ39.5 ሚሊዮን ሕዝቧ ሁለት፣ ሳውዝ ዳኮታም በ886 ሺህ ሕዝቧ ሁለት። በዚህ ሒሳብ አንድ የሳውዝ ዳኮታ ነዋሪ በሴኔት ውስጥ አርባ አራት የካሊፎርኒያ ነዋሪዎችን ያህል ይመዝናል።

በተወካዮች ምክር ቤት ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ 435 ወንበሮች በሕዝብ ብዛት ይከፋፈላሉ። ከ2020 ቆጠራ በኋላ በአማካይ አንድ ተወካይ የሚወክለው 761 ሺህ ያህል ሰው ነው። የሳውዝ ዳኮታው ብቸኛ ተወካይ ከአማካዩ በላይ ሕዝብ ይዟል። በአንጻሩ ጎረቤቷ ሞንታና ሚሊዮን አልፋ ሁለተኛ ወንበር ስላገኘች እያንዳንዱ ተወካይዋ የያዘው 542 ሺህ ገደማ ነው። ስለዚህ «ትንንሾቹ ግዛቶች ሁሉ በሁሉም ቦታ ተጠቃሚ ናቸው» የሚለው አነጋገር በደንብ ያልተቆጠረ ሒሳብ ነው።

ይህ ብቸኛ ወንበር የራሱ ታሪክ አለው። ሳውዝ ዳኮታ እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሦስት ተወካዮች ነበሯት። በኋላ ሁለት ሆኑ፤ ከ1983 ጀምሮ ደግሞ አንድ። የሚገርመው ሕዝቧ ብዙም አልቀነሰም። በ1930 የነበራት 692,849 ሰው ነው፤ በ1980 ደግሞ 690,768። እሷ ባለችበት ስትቆም ሌላው አገር አደገና ወንበሯን ወሰደው። ገጠር ማለት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ከቦታው ሳይነቃነቅ ከዓመት ዓመት የሚያንስ።

ውድድር በነበረበት ዘመን

የዛሬዋን ሳውዝ ዳኮታ የሚያይ ሰው ከጥንት ጀምሮ የአንድ ፓርቲ ርስት የነበረች ይመስለዋል። አልነበረችም። በ1972 ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት የዴሞክራቶቹ ጆርጅ መክገቨርን የዚህች ግዛት ሴናተር ነበሩ። ቶም ዳሽል በ1978 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኮንግረስ የገቡት ድምፁ እንደገና ተቆጥሮ በ139 ድምፅ ብልጫ ነው። በ2004 ክረምትና መኸር ደግሞ ሦስቱም የግዛቲቱ ተወካዮች፣ ዳሽል፣ ጆንሰንና ስቴፋኒ ኸርሴት፣ ዴሞክራቶች ነበሩ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የግዛቲቱ ሕዝብ 60 በመቶ ያህል ድምፁን ለሪፐብሊካኑ ጆርጅ ቡሽ ሰጠ።

ይህ ግራ መጋባት አልነበረም። ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን በአንድ መለኪያ፣ ተወካዩን በሌላ መለኪያ ይመዝን ነበር። «ይህ ሰው የዋሽንግተኑ ፓርቲው ምንም ይሁን፣ ስለ ኤታኖል፣ ስለ ድርቅ እርዳታ፣ ስለ ገጠር ሆስፒታል ምን አደረገልን?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ዳሽል በየዓመቱ መኪናቸውን እየነዱ ስድሳ ስድስቱንም ካውንቲዎች በመዞር ይታወቁ ነበር። ገበሬው በነዳጅ ማደያውና በቡና ቤቱ ያገኛቸዋል፤ ይጠይቃቸዋል፤ ይወቅሳቸዋል። በ139 ድምፅ የገባ ሰው አንድ መቶ አርባ ቅሬታ እንደሚያወጣው ያውቃል።

ፉክክር ምን እንደሚያስገኝ ለማየት የኤልስወርዝ አየር ኃይል ጣቢያን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ጣቢያው በራፒድ ሲቲ አጠገብ ሲሆን በምዕራቡ ክፍል ከትልልቆቹ ቀጣሪዎች አንዱ ነው። በ2004ቱ ዘመቻ ስለ ጣቢያው ዕጣ ክርክር ነበር፤ ቱንም ጣቢያውን ለማዳን የተሻለ አቅም እንዳላቸው ተናግረዋል። በምርጫው አሸነፉ። በግንቦት 2005 ግን የራሳቸው ፓርቲ መንግሥት መከላከያ ሚኒስቴር ኤልስወርዝን ከሚዘጉት ጣቢያዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባው።

የሆነው ምን ነበር? አዲሱ ሪፐብሊካን ሴናተር፣ ዴሞክራቱ ሴናተርና ዴሞክራቷ ተወካይ በአንድነት ተነሡ። ማንም «ይህ የዚያኛው ፓርቲ ሐሳብ ነው» ብሎ ወደኋላ አላለም። ሊልም አይችልም ነበር። ሦስቱም በጥቂት ሺህ ድምፅ የገቡ ወይም የተረፉ ሰዎች ናቸው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ገለልተኛው ኮሚሽን ጣቢያው እንዳይዘጋ ወሰነ። ኮሚሽኑ የራሱ ምክንያቶች እንደነበሩት እርግጥ ነው። ሦስቱን ተወካዮች እንቅልፍ የነሳቸው ግን የመራጩ ፍርሃት ነው። ተወካይ መራጩን ሲፈራ ይህን ያህል ይሠራል።

እንዴት ደረቀ?

በ2008 እንኳ ቲም ጆንሰንና ስቴፋኒ ኸርሴት ሳንድሊን ከ60 በመቶ በላይ አግኝተው ሲመረጡ፣ በዚያው ወረቀት ላይ ግዛቲቱን ያሸነፉት ሪፐብሊካኑ ጆን መኬይን ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁሉም ነገር ተለወጠ።

የ2010ሩ ምርጫ በአገር አቀፍ ደረጃ ስለ አንድ ነገር ነበር፤ ስለ ፕሬዚዳንት ኦባማ የጤና መድን ሕግ። ኸርሴት ሳንድሊን በዚህ ሕግ ላይ ከፓርቲያቸው ተለይተው «አልደግፍም» ብለው ድምፅ ሰጥተዋል። ምንም አልጠቀማቸውም። በክሪስቲ ኖም ተሸነፉ፤ 48 ለ46 በመቶ። መልእክቱ ግልጽ ነበር። ተወካይዋ የሠሩት ሥራ ሳይሆን ከስማቸው አጠገብ የተጻፈው የፓርቲ ምልክት ተመዘነ። አንድ ፖለቲከኛ የሕዝቡን ፍላጎት ተከትሎ ከፓርቲው ቢለይም ከተቀጣ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ለምን ይለያል?

ከዚያ በኋላ ጉዞው ቁልቁል ነው። በ2014 ጆንሰን ጡረታ ወጡና ወንበራቸውን ሪፐብሊካኑ ማይክ ራውንድስ ወሰዱት። በ2020 እና በ2022 ዴሞክራቶች ለብቸኛው የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር ዕጩ እንኳ አላቀረቡም። ደስቲ ጆንሰን በሁለቱም ጊዜ የተወዳደሩት ከትንሿ የሊበርታሪያን ፓርቲ ዕጩዎች ጋር ነው። በ2024 ዴሞክራቶች ዕጩ አቀረቡ፤ ጆንሰን ግን 72 በመቶ አገኙ።

ጥፋቱን በሪፐብሊካኖች ላይ መደፍደፍ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። ያሸነፈ ፓርቲ ለተቃዋሚው ዕጩ ፈልጎ የማቅረብ ግዴታ የለበትም። ትልቁ ጥፋት ሜዳውን ጥሎ የወጣው ነው። የዴሞክራቶች ገንዘብና ባለሙያ ማሸነፍ ወደሚቻልባቸው ግዛቶች ሄደ፤ ገጠሩ «የማይሆን ቦታ» ተብሎ ተተወ። የተተወ ሕዝብ ደግሞ ለተወው ፓርቲ ድምፅ አይሰጥም። በየዓመቱ ድምፁ ሲያንስ «አየህ፣ ብለን ነበር» ይባላል። እርሻውን ሳይዘራ ምርት አጣሁ እንደሚል ገበሬ መሆኑ ነው።

እውነተኛው ምርጫ ወዴት ሄደ?

አንድ ፓርቲ ኖቬምበርን ያለ ጥርጥር የሚያሸንፍበት ቦታ ላይ ምርጫው አይጠፋም፤ ቦታውን ይለውጣል። በሳውዝ ዳኮታ ወደ ጁን ወር ሄዷል፤ ወደ ፓርቲው ቅድመ ምርጫ። በ2022 ደስቲ ጆንሰን እውነተኛ ተፎካካሪ የገጠማቸው በጁን እንጂ በኖቬምበር አልነበረም። ከራሳቸው ፓርቲ ከተነሱት ታፊ ሃዋርድ ጋር ተወዳድረው 59 በመቶ ገደማ አገኙ። በዚያ ቅድመ ምርጫ ድምፅ የሰጠው ሰው ወደ 120 ሺህ የሚጠጋ ነው። የግዛቲቱን ብቸኛ ተወካይ በተግባር የመረጡት እነዚህ ናቸው።

በሪፐብሊካኖች ቅድመ ምርጫ ድምፅ መስጠት የሚችለው ደግሞ በሪፐብሊካንነት የተመዘገበ ብቻ ነው። ዴሞክራት ሆኖ የተመዘገበው፣ «ፓርቲ የለኝም» ብሎ የተመዘገበውም ደጅ ይቆማል። ይህ ሁሉ ሰው ግብር ይከፍላል፤ ልጁን ወደ ጦር ሠራዊት ይልካል። ተወካዩ በሚለይበት ቀን ግን ተመልካች ነው።

በ2024 ይህን ለመለወጥ አንድ ሐሳብ ለሕዝብ ውሳኔ ቀርቦ ነበር። ሁሉም ዕጩዎች በአንድ ቅድመ ምርጫ ይወዳደሩ፣ ሁሉም መራጭ ይምረጥ፣ ሁለቱ ከፍተኛ ድምፅ ያገኙት ለኖቬምበር ይለፉ የሚል። ሕዝቡ ወደ ሁለት ሦስተኛ በሚጠጋ ድምፅ «አንፈልግም» አለ። ይህ ውሳኔ መከበር አለበት። የራሱን ዕጩ ራሱ መምረጥ የሚፈልግ ፓርቲ ክርክርም ከንቱ አይደለም፤ የዕድር ሊቀመንበር የሚመርጠው የዕድሩ አባል ነው እንጂ መንገደኛ አይደለም። ግን ዕድሩ ራሱ ቀበሌው ሲሆን፣ አባል ያልሆነው ሰው ጉዳዩን ለማን ያቅርብ?

ሁለት ብርቱ መልሶች

እዚህ ላይ የሚነሱ ሁለት ብርቱ መከራከሪያዎች አሉ።

የመጀመሪያው «ሕዝቡ የሚፈልገውን እያገኘ ነው» የሚል ነው። ሳውዝ ዳኮታ ወግ አጥባቂ ናት፤ ወግ አጥባቂ ተወካይ ትልካለች፤ ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ለዚህ መልስ የሚሰጠው የሕዝቡ የራሱ ድምፅ ነው። ሳውዝ ዳኮታ በ1898 ሕዝብ በቀጥታ ሕግ የሚያመነጭበትንና የሚሽርበትን መብት ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ቀድማ ያጸደቀች ናት። በ2014 ራውንድስን ወደ ሴኔት የላከው መራጭ በዚያው ቀን የዝቅተኛ ደመወዝ ወለልን ከፍ አደረገ። በ2022 ቱንን በ70 በመቶ ገደማ፣ ደስቲ ጆንሰንን ከዚያም በላይ በሆነ ድምፅ የመረጠው ሕዝብ፣ በዚያው ወረቀት ላይ ሜዲኬይድ የሚባለው የድሆች የሕክምና መድን ለብዙ ሠራተኞች እንዲሰፋ በ56 በመቶ ወሰነ። ይህ የመድኑ መስፋፋት የኦባማው የጤና ሕግ አካል ነው፤ በ2010 ተወካዩን ያስባረረው ያ ሕግ።

እንግዲህ ይህ ሕዝብ አንድ ዓይነት ሐሳብ ብቻ ያለው አይደለም። ጉዳዩ በጉዳይነቱ ሲቀርብለት ያስባል፤ ይመዝናል፤ አንዳንዴም ከፓርቲው ይለያል። ሰው ሆኖ ሲቀርብለት ግን ከፊቱ ያለው አንድ ስም ብቻ ነው። ልዩነቱ የሕዝቡ ልብ ላይ ሳይሆን የወረቀቱ ላይ ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ ይበልጥ ይከብዳል። «ትንሽ ግዛት የሚጠቅማት ቆይታ ነው» ይላል። ሴናተር በቆየ ቁጥር ሥልጣኑ ያድጋል። ጆን ቱን ከጥር 2025 ጀምሮ የሴኔቱ አብላጫ መሪ ናቸው። አንድ ሚሊዮን ያልሞላ ሕዝብ ያላት ግዛት የሴኔቱን አጀንዳ የሚያወጣ ሰው አላት። በየስድስት ዓመቱ ሰው ብትቀያይር ይህን ታገኝ ነበር?

አታገኝም፤ ይህ መታመን አለበት። ነገር ግን የዳሽልን ታሪክ መለስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ዳሽልም መሪ ነበሩ። በ2004 የቀረበባቸው ክስ ምን ነበር? «የአገር አቀፍ ፓርቲ መሪ ሆነው የግዛታቸውን ሰው ረሱ» የሚል። ክሱን ይዘው የተነሱት ጆን ቱን ራሳቸው ናቸው፤ ሕዝቡም ሰማቸው። የመሪነት ባሕርይ አልተለወጠም። መሪ የፓርቲውን ሸክም ይሸከማል። ዛሬም የፓርቲው ፍላጎትና የገበሬው ፍላጎት የሚጋጩበት ቀን ይመጣል። በ2018 የንግድ ጦርነቱ ሲጀመር ቻይና በአሜሪካ አኩሪ አተር ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጫነች። የሳውዝ ዳኮታ አኩሪ አተር ብዙው በባቡር ወደ ፓስፊክ ወደቦች ሄዶ ወደ እስያ የሚጫን ነው። ቀረጡን ያስነሳው የዋሽንግተን ውሳኔ የገዛ ፓርቲያቸው ፕሬዚዳንት ውሳኔ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ሥልጣን ያለው ተወካይ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ የሚጠይቀውም ሰው ያስፈልጋል። ዳሽልን የጠየቃቸው ቱን ነበሩ። ቱንን የሚጠይቃቸው ማነው?

የሱ ፎልስ ሐበሾች

ይህ ጉዳይ ለአማርኛ አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በሚያዝያ 2020 በሱ ፎልስ በሚገኝ ትልቅ የአሳማ ሥጋ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ የኮሮና ወረርሽኝ ተነሳ። ፋብሪካው ወደ 3,700 ሠራተኞች ነበሩት። የፌዴራል መንግሥቱ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ባለሙያዎች ቦታውን ካዩ በኋላ ባወጡት ሰነድ ሠራተኞቹ ወደ 40 የሚጠጉ ቋንቋዎች እንደሚናገሩ ገለጹ። በብዛት ከሚነገሩት አሥሩ ቋንቋዎች መካከል አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና ኩናማ ነበሩ።

አዎ፣ በዚያ በረዶ አገር፣ ቢላዋ ይዞ መስመር ላይ ከሚቆመው ሰው መካከል ሐበሻም አለ። እነዚህ ሰዎች ሰምተው ያወቁት አንድ ነገር አለ፤ «እዚህ ምርጫው ያለቀ ነው፤ የእኛ ድምፅ ምን ይለውጣል?» የሚል። በዋሽንግተን፣ በሚኒሶታ ወይም በቨርጂኒያ ያለው ወገን ስለ ምርጫ ሲወያይ የሱ ፎልሱ ይስቃል።

መሳቅ የሌለበት ግን እሱ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ግማሽ ሺህ ሰው ጠብታ ነው። በሳውዝ ዳኮታ ግማሽ ሺህ ሰው በ2002 የሴኔት ወንበር ወስኗል። አንድ የሠርግ አዳራሽ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለት መስጊድ፣ የአንድ ፋብሪካ የሁለት ፈረቃ ሠራተኛ። ይህን ያህል ሰው ዜግነት ወስዶ፣ ከምርጫው ቢያንስ አሥራ አምስት ቀን ቀድሞ ተመዝግቦ፣ ጁን ላይም ኖቬምበር ላይም ቢገኝ፣ የየትኛውም ፓርቲ ዕጩ ስልክ ይደውላል። ሁሉም በአንድ ፓርቲ መመዝገብ የለበትም። እንዲያውም ተከፋፍሎ መመዝገቡ ይሻላል፤ ሁለቱም በሮች ላይ የሚያንኳኳ ሰው ይኖራልና። ዋናው ነገር በሥጋ ፋብሪካ የሥራ ደኅንነት፣ በስደተኞች ሕግ፣ በልጆች ትምህርት ላይ የሚወስነው ሰው በሚለይበት ቀን ደጅ አለመቅረት ነው።

ደግሞ ጊዜው ገጥሟል። ደስቲ ጆንሰን በ2026 ለግዛቲቱ ገዢነት እንደሚወዳደሩ ስላስታወቁ የተወካዩ ወንበር ያለ ባለቤት ለምርጫ ቀርቧል። ባለቤት የሌለው ወንበር በዚህች ግዛት በየዓመቱ አይገኝም።

የተዘጋ በርና የተከፈተ በር

ኢትዮጵያዊ አንባቢ መቶ በመቶ የሚባል የምርጫ ውጤት ሲሰማ የሚያስታውሰው የራሱ ነገር አለ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2007 በተደረገው ምርጫ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ መቀመጫዎች መያዛቸው ታውጇል። ሁለቱን ማመሳሰል ግን ስህተት ይሆናል። በኢትዮጵያ የነበረው ክርክር ስለ ሜዳው ጥበት ነበር፤ ማን ይወዳደራል፣ ማን ይታሰራል፣ ማን ይታዘባል የሚል። በሳውዝ ዳኮታ በ2010 ማንም አልታሰረም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። የገባ ሰው ነው የጠፋው።

ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ትምህርቱም ከዚያ ይመጣል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም ትንንሾቹን አልረሳም። በተወካዮች ምክር ቤት ለአናሳ ብሔረሰቦች ቢያንስ 20 መቀመጫ ይጠብቃል፤ በፌዴሬሽን ምክር ቤትም ለእያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ወንበር ይሰጣል። ሐሳቡ ከአሜሪካ ሴኔት ሐሳብ ብዙ አይርቅም፤ ትንሹ በትልቁ እንዳይዋጥ ነው። ወንበር መስጠት ግን የመጀመሪያው ሥራ ብቻ ነው። ወንበሩ ላይ የሚቀመጠውን ሰው ሁለትና ሦስት ሆነው ካልተፎካከሩበት፣ ወንበሩ የትንሹ ሕዝብ መሆኑ ቀርቶ የተቀመጠበት ሰው ይሆናል። ሕግ በሩን ሊከፍት ይችላል፤ የሚገባውን ሰው ሊፈጥር ግን አይችልም።

ስለዚህ ለትንሿ የገጠር ግዛት የሚያስፈልጋት ተጨማሪ ሴናተር አይደለም፤ ከበቂ በላይ አላት። የሚያስፈልጋት እንደሚሸነፍ እያወቀም ቢሆን ስሙን ወረቀት ላይ የሚያስመዘግብ ሰው ነው። ስድሳ ስድስቱን ካውንቲዎች የሚዞር፣ ገበሬውን ስለ አኩሪ አተሩ፣ ላኮታውን ስለ ክሊኒኩ፣ የፋብሪካ ሠራተኛውን ስለ ፈረቃው የሚጠይቅ። እንዲህ ያለ ሰው ቢሸነፍ እንኳ ያሸነፈውን መልስ እንዲሰጥ አስገድዶ ነው የሚሸነፈው። ቱን ራሳቸው በ2002 ተሸንፈው በ2004 ተመልሰዋል። በ2002 «የማይሆን ነው» ብለው ቤታቸው ቢቀመጡ ኖሮ ዛሬ የሴኔቱን መሪ ስማቸውን የሚያውቅ አይኖርም ነበር።

ብቻውን የሮጠ ሰው አንደኛ መውጣቱ እውነት ነው። ግን በምን ያህል ፍጥነት እንደሮጠ የሚያውቅ ማንም የለም፤ ሯጩም ጭምር።